ቀይዋ መኪና የተነሳች ቀን

ባለፈው ሳምንት አትላንታ ሚድታውን ከምሠራበት ሕንፃ ሥር ባለው ፓርኪንግ ውስጥ ወደ ሊፍቱ ስሄድ አንድ ሽታ አቆመኝ። የቤንዚን ሽታ ነው፤ ግን ማደያ ላይ የምናውቀው ዓይነት አይደለም። ለዓመታት ታንከር ውስጥ ተቀምጦ የተበላሸ ቤንዚን ነው፤ እንደ ቫርኒሽ ጉሮሮ የሚከረክር፣ መጀመሪያ ጣፈጥ ብሎ ኋላ የሚያቅለሸልሽ። ጥግ ላይ አንድ ሰው ሸራ ያለበሳት አሮጌ መኪና አቁሟል። ረፍዶብኝ ነበር፤ ቢሆንም ቆሜ አሸተትኩ።  እንደገና የአሥር ዓመት ልጅ ሆንኩ። የእጅ ባትሪ ይዣለሁ፤ በግራዬ አባቴ፣ በቀኜ ወንድሜ፣ መሐላቸው እኔ።

ያን ጊዜ የምንኖረው ከአትላንታ ወጣ ብላ ባለችው ስኔልቪል ነበር። አባቴ ኮሌጅ ፓርክ ኤርፖርቱ አጠገብ ላለ ሆቴል እንግዳ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳል፤ እናቴ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። ወንድሜ ናሆም አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እሱ አዲስ አበባ ተወልዶ፣ ለአባቴ ዲቪ ሲደርሰው በአምስት ዓመቱ የመጣ ነው። እኔ እዚሁ ተወለድኩ። በዚያ ዓመት ስፕሪንግ ላይ ናሆም ዩኒቨርሲቲውን አቋርጦ ኖሯል። አባቴ ይህን የሰማው ከናሆም ሳይሆን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ካገኘው ሰው ነው። «ልጄ ናሆምን ካምፓስ አላየሁትም ትላለች፤ ደኅና አይደለም እንዴ?» አለው ሰውዬው። አባቴ ፈገግ ብሎ «ደኅና ነው፣ ደኅና ነው» አለ። ከዚያ መሪውን አንቆ ይዞ እስከ ቤት ድረስ ነዳ።

ኩሽና ውስጥ ሲጨቃጨቁ የተባባሉትን ሁሉ አላስታውስም። የማስታውሰው መጨረሻውን ነው።

«ለአንተ ስል ነው ቀኑን ሙሉ የሰው ሻንጣ ስሸከም የምውለው» አለ አባቴ።

«ማንም ተሸከምልኝ አላለህም» አለ ናሆም።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ መነጋገር አቆሙ።

ግን አንድ ቤት ውስጥ እየኖሩ ጨርሶ ዝም ማለት አይቻልም። ስለዚህ ቃላቸው በእኔ በኩል ማለፍ ጀመረ። አባቴ ናሆም ፊት ለፊቱ ተቀምጦ እየበላ «ሶሲዬ፣ ወንድምሽን ቆሻሻውን ያውጣ በዪው» ይላል። ናሆም ከሳህኑ ቀና ሳይል «ኦልሬዲ አውጥቼዋለሁ በዪው» ይላል። እኔ ደግሞ «አውጥቼዋለሁ ብሏል» እላለሁ። እርስ በርሳቸው በደንብ ይሰማማሉ፤ እኔ ካልደገምኩት ግን እንደተባለ አይቆጥሩትም። ሥራዬን በቁም ነገር ነበር የያዝኩት። የሚያቆስለውን ቃል አወጣና ቀሪውን አደርሳለሁ። ናሆም «ዋትኤቨር» ሲል «እሺ ብሏል» እላለሁ። አባቴ «ይሄ ደረቅ» ሲል «አባዬ እየጠራህ ነው» እላለሁ። ሁለቱም ዋናውን ሰምተውታል። ግን የእኔን ተቀብለው ይቀጥላሉ። ይህ ሁሌ ይገርመኝ ነበር።

ጁን ሲገባ፣ አንድ ቅዳሜ ጧት አባቴ አሮጌ ጂንሱን ለብሶ ከፎቅ ወረደ። «ወንድምሽን ጫማህን አድርግ በዪው። መኪና ልናይ ነው።»

ናሆም ሳቀ፤ የምፀት ሳቅ ነበር። ጫማውን ግን አደረገ። ከልጅነቱ ጀምሮ መኪና ሲባል ልቡ አይችልም።

ከስኔልቪል ወጣ ብሎ፣ ረጃጅም ጥዶች የከበቡት አንድ ግቢ ደረስን። ሻጩ ሚስተር ዌይን የሚባሉ፣ ሱሪያቸውን በማንገቻ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። መኪናዋ ከጥዶቹ ሥር ቆማለች። የስፕሪንግ የአበባ ብናኝ ተጋግሮባት ከላይ እስከ ታች ቢጫ ነበረች፤ አባቴ በመዳፉ ጠረግ ሲያደርገው ከሥሩ ቀይ ወጣ። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ አሮጌ የጃፓን ስፖርት መኪና። አንድ ጎማዋ ተኝቷል። በሩን ከፍቼ አፍንጫዬን ሳስገባ ያ ሽታ ተቀበለኝ።

ናሆም ሣሩ ላይ በጀርባው ተኝቶ ሥሯን አየ። «ሶሲ፣ ዝጋለች በዪው። እንዳይገዛት።»

አባቴ ኮፈኑን ከፍቶ አጎነበሰ። «ዝገቱ ላይ ላዩን ነው በዪው። ሞተሩ ሙሉ ነው።»

«ላይ ላዩን አይደለም በዪው።»

«እሱ ከመቼ ወዲህ ነው መካኒክ የሆነው በዪው።»

ሚስተር ዌይን አንዴ ወደ አባቴ አንዴ ወደ ናሆም ሲዞሩ ቆይተው በመጨረሻ እኔን «ምን እያሉ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም በሥራዬ ጸናሁ። «በጣም ወደዋታል» አልኳቸው።

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። የዋጋ ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀለት። ከደረት ኪሱ ፖስታ አውጥቶ፣ ከፍቶ አሳያቸው፤ ያለኝ ይሄው ነው ማለቱ ነበር። ከጠየቁት ብዙ ያንሳል። ሽማግሌው ፖስታውን አላዩትም። ያዩት ናሆምን ነው። አትግዛ ሲል የነበረው ልጅ ኮፈኑ ውስጥ እስከ ክርኑ ገብቶ የባትሪውን ሽቦ እየነካካ ነበር። «ውሰዷት» አሉ።

ፖስታው ውስጥ ያለው ብር የኤሲው ነበር። የቤታችን አየር ማቀዝቀዣ፣ ኤሲው፣ ሜይ ላይ ተበላሽቶ እናቴ ለማሠሪያው ስታጠራቅም ቆይታለች። ቀይዋ መኪና በጭነት መኪና ተጎትታ ጋራዣችን ስትገባ እናቴ በር ላይ ቆማ አየቻት። ወርዳ አንድ ጊዜ ዞረቻት። ቀጥላ «ጌታቸው፣ ይህቺ ምንድን ናት?» አለች።

«መኪና ናት።»

«በአትላንታ ሙቀት ልጆቼን እየቀቀልክ፣ ለአራት ሰው ሁለት ወንበር ገዛህ?»

አባቴ ወደ እሷ ቀረብ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እኔ ግን ሰማሁት። «ልጁን ቤት የሚያቆይ ሌላ ነገር ካለሽ ንገሪኝ፤ እሱን እገዛለሁ።» እናቴ ማራገቢያውን አንስታ ወደ ላይ ወጣች።

ያ ሰመር የላብ ሰመር ነበር። መስኮት ሁሉ ተከፍቶ ይውላል። አባቴ ከሥራ መጥቶ የሆቴሉን ሸሚዝ ያወልቅና ጋራዥ ይገባል። ናሆም ቀድሞት ገብቷል። እኔ የእጅ ባትሪውን አነሳለሁ። መጀመሪያ ያን የተበላሸ ቤንዚን ከታንከሩ ቀዳነው። እንደ ሻይ ጠቁሮ ነበር። የአየር ማጣሪያውን ስንከፍት ደግሞ ውስጡ የአይጥ ጎጆ አገኘን፤ ከወንበሩ ስፖንጅ ተቦጭቆ የተሠራ። ለአዲስ ዕቃ አቅም ስላልነበረን የተጣሉ መኪኖች ሜዳ ሄደን፣ መሰሏን ፈልገን፣ ዕቃውን በእጃችን እየፈታን እናመጣ ነበር። ጭቃውና ጸሐዩ አይጣል ነው። ናሆም እዚያ ደስ ይለው ነበር። አባቴ ደስ እንዳለው ያያል፤ ያየው እንዳይመስል ፊቱን ያዞራል።

የእኔ ችግር ቋንቋው ነበር። አባቴ የመኪና ዕቃ የሚያውቀው በአዲስ አበባ ጋራዥ ስሙ ነው፤ ናሆም በእንግሊዝኛ ከቪዲዮ ላይ ነው። አባቴ «ፍሪሲዮኑ አልቋል በዪው» ይለኛል። ፍሪሲዮን ምንድን ነው? ምግብ ነገር ይመስለኝ ነበር። ናሆም «ክለቹን ነው የሚለው?» ብሎ እኔን ይጠይቀኛል። አባቴ ጭንቅላቱን ይነቀንቅልኛል፤ ለእሱ ሳይሆን ለእኔ። አንዳንዴ ሁለቱም አንድ ብሎን ላይ ጎንበስ ብለው ግንባራቸው ሊጋጭ ሲደርስ እንኳ በእኔ በኩል ነበር የሚያወሩት።

አንድ ከሰዓት በኋላ አባቴ ከሥራ ሳይመለስ ናሆም ጋራዥ ውስጥ ስልክ ሲያወራ ደረስኩበት። «ዪያ፣ ኦገስት ላይ ሺፕ አደርጋለሁ» አለ። ስልኩን ሲዘጋ አየኝ።

«በመርከብ ወዴት ነው የምትሄደው?» አልኩት።

መጀመሪያ ግራ ገባው። ከዚያ ተንበርክኮ ትከሻዬን ያዘኝ። እጁ ግራሶ ነበር፤ ቲሸርቴ ላይ የጣቶቹ ምልክት ቀረ። «ሶሲ፣ ስሚኝ። ለዳድ እንዳትነግሪው። ለማምም። መኪናዋ ስትነሳ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ፕሮሚስ አድርጊ።»

ፕሮሚስ አደረግኩ። ከዚያ ክፍሌ ገብቼ የጂኦርጂያን ካርታ አየሁ። አትላንታ ባሕር የላትም። መርከብ ያለው ሳቫና ነው፤ ሳቫና ደግሞ ሩቅ ነው፤ መኪና የሌለው ሰው ሊደርስ አይችልም። ልቤ ትንሽ ተረጋጋ። ትንሽ ቆይቶ ግን አንድ ነገር መጣብኝ። መኪና እየሠራን ነው። ናሆም ሳቫና የሚሄደው በእሷ ነው።

ያኔ ሠልጣኞች ወደ ሥልጠና መላክን «ሺፕ ማድረግ» እንደሚሉት አላውቅም ነበር። በዚያ ሰሞን ጧት ጧት እየመጣ ከናሆም ጋር የሚሮጥ፣ ጸጉሩን የተላጨ ሰውዬ ነበር፤ እሱም አሠልጣኝ ነው የመሰለኝ፤ ናሆም እግር ኳስ ሊጀምር መስሎኝ።

በዚያው ሳምንት አባቴ ከሱቅ ዕቃ ገዝተን ስንመለስ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ እንዲህ አለኝ። «ሶሲዬ፣ ሚስጥር ልንገርሽ? መኪናዋ ስትነሳ ቁልፉን ለናሆም ነው የምሰጠው። በእሷ እየተመላለሰ ትምህርቱን ይቀጥላል። ዩኒቨርሲቲው ሄጄ ተናግሬለታለሁ፤ ኦገስት ላይ ይቀበሉታል። ግን እንዳትነግሪው። ሰርፕራይዝ ነው።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላችን ያለው መኪና ጥሩምባ ነፋ። አባቴ ፈገግ እያለ ነዳ። 

ከዚያ ጀምሮ የእጅ ባትሪውን ይዤ አንዴ አባቴን አንዴ ናሆምን ማየት ጀመርኩ። «ብርሃኑን ቀጥ አድርጊው» ይሉኛል በየተራ። ሞተሩን ለማስነሳት በሞከሩ ቁጥር፣ ቁልፉ ዞሮ ሞተሩ «ህ… ህ… ህ…» ብሎ ሲቀር እነሱ ያዝናሉ፣ እኔ እፎይ እላለሁ። ካንዴላው ነው ይላሉ፣ ይቀይራሉ። የነዳጅ ፓምፑ ነው ይላሉ፣ ይቀይራሉ።  ሁለት ሰው አንድ መኪና እየሠራ ነው፤ አንዱ ለማስቀረት፣ አንዱ ለመሄድ፤ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ቃል ማድረስ ሥራዬ ነበር። እነዚህን ሁለቱን ግን አታድርሺ ተብያለሁ።

ፍሬኑን የሠሩት ጁላይ ላይ ነው። ከፍሬኑ መስመር ውስጥ አየር ሲወጣ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ጋቢና ገብቶ ፔዳሉን ይረግጣል፤ ሌላው ከሥር ሆኖ ብሎኗን ከፈት አድርጎ አየሩን ያስወጣና ፔዳሉ ሳይለቀቅ ይዘጋታል። «ርገጥ»፣ «ያዝ»፣ «ልቀቅ» እየተባባሉ ነው የሚሠራው። እነሱ ግን አይባባሉም።

«ይርገጥ በዪው» ይላል አባቴ ከጎማው ሥር።

«ርገጥ!» እላለሁ።

«ረግጫለሁ በዪው።»

«ረግጫለሁ ብሏል!»

«ይያዘው፣ እንዳይለቀው…»

እኔ «ያዘው» ብዬ ሳልጨርስ ናሆም ለቆታል። የወጣው አየር ተመልሶ ገባ። እንደገና። እንደገና። የፍሬኑ ዘይት የአባቴን ክንድ አልፎ ብብቱ ገባ። ሦስቱ ጎማዎች እንደምንም አለቁ፤ የኋላ ግራው እምቢ አለ። አባቴ ከሥር ወጥቶ መፍቻውን ወረወረው። «ሌላ ቀን» አለ ለማንም ሳይል። ፔዳሉ እንደ ለሰለሰ ቀረ።

የተነሳችው ጁላይ መጨረሻ ላይ ነው። ሰማዩ ከስቶን ማውንቴን ተራራ በኩል ጠቁሮ፣ አየሩ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ የከበደበት ከሰዓት በኋላ ነበር። ናሆም ቁልፉን አዞረ። «ህ… ህ…» አለች። እኔ ውስጤ እንዳትነሺ፣ እንዳትነሺ እል ነበር። ከዚያ ጋራዡ ሁሉ ተናወጠ፤ ጭስ ወጣ፤ ሞተሩ አንዴ ተንገዳግዶ ያዘ። ድምፁ እግሬ ሥር ተሰማኝ።

አባቴ ጮኸ። ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሮጦ ናሆምን ከጋቢናው እየጎተተ አወጣውና አቀፈው። ናሆምም አቀፈው። ሁለቱም ይስቁ ነበር፤ ፊታቸው ጥቁር ቅባት ነው። ከዚያ አባቴ ዓይን ዓይኑን እያየ፣ እኔን ሳይጠራ፣ ቀጥታ ተናገረው።

«ያንተ ናት። ቁልፉ ያንተ ነው። ኦገስት ላይ በእሷ ትምህርት ቤት ትሄዳለህ። ተናግሬለሃለሁ፤ ይቀበሉሃል።»

የናሆም ሳቅ ቀስ ብሎ ጠፋ። «ዳድ…» አለ። «አባ፣ አርሚ ጆይን አድርጌያለሁ። ፈርሜያለሁ። ኦገስት ላይ ሺፕ አደርጋለሁ።»

አባቴ ሰምቶታል። ግን ወደ እኔ ዞረ። «ምን አለ?»

የማወጣለት ቃል አልነበረኝም። «በመርከብ ሊሄድ ነው» አልኩ።

«የምን መርከብ?»

«ኖ፣ ሶሲ» አለ ናሆም። ድምፁ ተሰበረ። «ወታደር። ወታደር ልሆን ነው፣ አባ።»

አባቴ እጁን በመስኮቱ አሳልፎ ሞተሩን አጠፋ። እናቴ ጩኸቱን ሰምታ የጋራዡ በር ላይ ደርሳለች፤ እጇ ላይ የተላጠ ሽንኩርት ይዛለች።

«አንተ ልጅ» አለች፤ «አባትህን ባንተ ዕድሜ ከትምህርት ቤት በር ላይ አፍሰው እንደወሰዱት አታውቅም?»

«ተይ ፅጌ» አለ አባቴ።

«አብረውት ከታፈሱት ስንቱ…»

«ተይ አልኩሽ!» ከዚያ ወደ ናሆም ዞረ። የተናገረው በጣም ቀስ ብሎ ነው። «እኔን በግድ ነው የወሰዱኝ። እየጮህኩ። አንተ በገዛ እግርህ ሄደህ ፈረምክ?»

 አባቴ ጋቢናው ውስጥ ገባና ሞተሩን አስነሳ። «ግባ» አለው። ናሆም ዞሮ ከጎኑ ተቀመጠ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ።

«አባዬ፣ ፍሬኑ!» አልኩ። «የኋላ ግራው አላለቀም!»

ሞተሩ የኔን ድምፅ ዋጠው። ቀይዋ መኪና ከጋራዥ ወጥታ መንገዳችንን ቁልቁል ተያያዘችው። ከሰፈራችን መውጫ ላይ ያለው ቁልቁለት ረጅም ነው፤ ከታች ከትልቁ መንገድ ጋር ይገናኛል። እናቴ ስልክ ደወለች። የአባቴ ስልክ የመሣሪያ መደርደሪያው ላይ ጠራ። የናሆምም እዚያው አጠገቡ ጠራ። ነጎድጓድ ሰማን። እናቴ ሽንኩርቱን የት እንደጣለችው አላውቅም፤ እጄን ይዛ ወደ ራሷ መኪና ሮጠች።

ቁልቁለቱን ስንጀምር ዝናቡ መጣ፤ የአትላንታ የሰመር ዝናብ፣ በአንዴ የሚገለበጥ። ዋይፐሩ አልቻለውም። እናቴ ትጸልያለች፤ ማርያም፣ ማርያም ትላለች። ትልቁ መንገድ ላይ መኪኖች መብራታቸውን አብርተው ያልፋሉ። የተጋጨ ነገር አየሁ አላየሁ እያልኩ ዓይኔን መክፈት ፈራሁ።

እናቴ ፍሬን ያዘች። «እዚያ ናቸው» አለች።

ከትልቁ መንገድ ትንሽ ቀደም ብሎ አንድ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ሰፊ የሣር ሜዳ ያለው። ሣሩ ላይ ሁለት ረጃጅም የጎማ መስመሮች ተቀድደዋል። መኪናዋ መስመሩ መጨረሻ ላይ፣ አፍንጫዋ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ቆማለች። ኋላ እንደሰማነው ፔዳሉ እስከ መሬት ወርዶ አልያዘም። አባቴ ሹፌር ሆኖ ዕድሜውን ሲኖር እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም። ናሆም የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ አባቴ መሪውን ወደ ሣሩ ጠምዝዞ ነው የዳኑት።

ሁለቱም ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። ዝናቡ ይወርድባቸዋል። ከመኪናችን ውስጥ ሆኜ አየኋቸው። ናሆም የአባቴን አንድ እጅ ይዟል። በሩን ልከፍት ስል እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተቀመጪ።»

«እማዬ፣ ይፈልጉኛል።»

«አይፈልጉሽም። ይነጋገሩ።»

አፋቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ድምፅ ግን የለም፤ የዝናቡ ብቻ። አባቴ ይናገራል፤ ናሆም መሬት መሬት ያያል። ከዚያ ናሆም ይናገራል፤ አባቴ ፊቱን በእጁ ይሸፍናል። የመኪናችን መስኮት በትንፋሻችን እየተሸፈነ ነበር። በክንዴ እጠርገዋለሁ፤ ደግሞ ይሸፈናል። ናሆም የዚያን ቀን ከተባለው የነገረኝ፣ ያውም ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ትንሽ ነገር ብቻ ነው። አባቴ መጀመሪያ ያለው ቃል «ለምን?» ነበር። ኩሽና ውስጥ ሲጨቃጨቁ እንኳ ለምን ብሎ ጠይቆት አያውቅም። ናሆምም ነገረው፤ ትምህርቱ እንዳልገባው፣ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሻንጣ የሚሸከመውን የአባቱን ወገብ እያሰበ እንደሚያፍር፣ አርሚው ትምህርቱን እንደሚከፍልለት፣ የራሱን ወጪ በራሱ መክፈል እንደፈለገ። አባቴ ደግሞ ጦር ሜዳ አጠገቡ የሞተውን የአብሮ አደጉን ስም ነገረው። ያን ስም ከዚያ በፊት በቤታችን ማንም ሰምቶት አያውቅም።

አላስቀረውም። አልመረቀውምም። ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ፍሬኑን እንደገና ሠሩት። እኔ ልማዴን ይዤ የእጅ ባትሪውን አነሳሁ። ደጅ ላይ ቆሜ ሰማኋቸው። «ርገጥ።» «እሺ።» «ያዝ… ያዝ… ልቀቅ።» ትንሽ ቆሜ ባትሪውን መደርደሪያው ላይ መለስኩና ብስክሌቴን ይዤ ወጣሁ። ቀለል አለኝ፤ ደግሞም ማልቀስ አማረኝ።

ናሆም የሚሄድበት ቀን ሲቃረብ አንድ ከሰዓት በኋላ አባቴ ጋራዡ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ጫማውን አወለቀ። ካልሲውንም። አባቴ ቤት ውስጥ እንኳ ካልሲ አያወልቅም ነበር፤ የሚበርደው ይመስለኝ ነበር። ሁለት የእግር ጣቶቹ ጥፍር የላቸውም፤ ተረከዙ ላይ ነጭ ጠባሳ ተጋድሟል። ናሆም አጎንብሶ አያቸው።

«እግርህን ጠብቅ» አለው አባቴ። «ሌላው ሁሉ በእጅህ ላይሆን ይችላል። እግርህን ግን ማታ ማታ አድርቀው። የረጠበ ካልሲ አድርገህ እንዳትተኛ። እየቀለድኩ አይደለም።»

«እሺ አባ።»

«ካቆሰለህ ለማን እንደምትናገር እወቅ። አትደብቅ።»

«እሺ።»

አርሚው ሠልጣኞቹን ከመላኩ በፊት ሌሊቱን የሚያሳድረው ኮሌጅ ፓርክ፣ አባቴ ከሚሠራበት ብዙም በማይርቅ ሆቴል ነበር። ናሆምን አባቴ በቀይዋ መኪና ወሰደው፤ ጣሪያዋን ወደ ኋላ አጥፈው። እኔና እናቴ በእሷ መኪና ተከተልን። ሃይዌዩ ላይ ከፊታችን ሁለት ራሶች ይታዩናል፤ አንዱ ራሰ በራ፣ አንዱ አዲስ የተላጨ። አንዳንዴ አንዱ ወደ አንዱ ዞር ይላል። እናቴ መንገዱን ሁሉ እንባዋን ሳትጠርግ ነዳች።

ሆቴሉ በር ላይ ናሆም እናቴን ረጅም ጊዜ አቀፋት። እኔን ከመሬት አነሳኝ። «መርከብ የለም፣ ኦኬ?» አለኝ በጆሮዬ። አባቴን መጨረሻ ላይ አቀፈው። ከዚያ በሩ በራሱ ተከፍቶ ዋጠው፤ ሻንጣ እንኳ አልነበረውም፤ አንዲት የጀርባ ቦርሳ ብቻ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ከአባትሽ ጋር ሂጂ። ብቻውን አይንዳ።»

በቀይዋ መኪና የተሳፈርኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ በዓመቱ ተሸጠች። ወንበሩ ለናሆም እግር ወደ ኋላ ስለተገፋ የእኔ እግር ወለሉ ላይ አልደረሰም። አባቴ ትንሽ ነድቶ ከኤርፖርቱ አጥር ጎን ጥግ ያዘና አቆመ። አውሮፕላኖቹ ጎማቸውን አውጥተው ከራሳችን በላይ ይወርዳሉ፤ ጣሪያ ስለሌለን ሆዳቸው ላይ ያለው ብሎን ሁሉ የሚታይ ይመስላል።

«አንቺ ታውቂ ነበር?» አለኝ።

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሞተሩ ሳይነሳ።»

«የቁልፉንስ ነገር ነግረሽው ነበር?»

«አልነገርኩትም። እንዳትነግሪው ብለኸኛል።»

አባቴ መነጽሩን አወለቀና ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። «ሁለቱን ይዘሽ ነው ሰመሩን ሁሉ የከረምሽው» አለ። ጥያቄ አልነበረም። አንድ አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ጮኼ አለቀስኩ፤ ማንም የማይሰማኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ሰምቶ ራሴን ወደ ደረቱ ሳበኝ። ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።

«ይቅርታ ልጄ» አለኝ። «እኛ ነበርን መነጋገር ያለብን። አንቺን መሐል ማስገባት አልነበረብንም።»

አባቴ ለልጅ ይቅርታ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ራሴን ከደረቱ አላነሳሁም።  ሌላ አውሮፕላን እስኪያልፍ ተቀመጥን፤ ከዚያ መኪናዋን አስነሳ።

ሃይዌዩ ላይ ስንወጣ «እስቲ አንቺ ንገሪኝ» አለ። «ትምህርት መቼ ነው የሚጀመረው? አስተማሪሽስ ማን ናት?»

ነፋሱ ድምፃችንን ይወስደው ስለነበር እየጮህኩ ነገርኩት። ስለ አስተማሪዬ ነገርኩት፤ ስለ ጓደኛዬም፤ ብስክሌቴ ሰንሰለቱ እየወለቀ እንደሚያስቸግረኝም። እስከ ስኔልቪል ድረስ የማንንም መልእክት አይደለም ያደረስኩት፤ የራሴን ወሬ ነው ያወራሁት። አባቴም እየነዳ ሰማኝ።